ጋሼ ደምለው የጠየቁኝ ጥያቄ

ሰብለ ስትደውልልኝ የተማሪዎች ፈተና እያረምኩ ነበር። ከደብረ ታቦር ከወጣሁ አራት ዓመት ስላለፈኝ ድምፅዋን ቶሎ አልለየሁትም። «የጋሼ ደምለው ልጅ ነኝ» አለችኝ። አባቷ ካረፉ ሦስት ሳምንት አልፏቸው ነበር። ያን ሰሞን መንገዱም ተዘግቶ፣ ኔትወርኩም ጠፍቶ ስለነበር ቀብራቸው ላይ የቆመው የሰፈሩ ሰውና የሥራ ጓደኞቻቸው ብቻ ነው። አሁን አርባቸው እየደረሰ ስለሆነ ልታሳውቀኝ ነው የደወለችው። አባቷ ስሜን ብዙ ጊዜ ያነሡ እንደነበር፣ መምጣት ባልችል እንኳ እንድሰማ ብላ እንደሆነ ነገረችኝ።

እመጣለሁ አልኳት። ስልኩን ካስቀመጥኩ በኋላ ያንኑ አንድ የፈተና ወረቀት ሦስት ጊዜ አርሜ ሦስት የተለያየ ውጤት ሰጠሁት።

ጋሼ ደምለውን ያወቅኳቸው በመኪናዬ ምክንያት ነው። ተወልጄ ያደግኩት አዳማ ነው። የፊዚክስ መምህር ሆኜ ደብረ ታቦር ስመደብ አንዲት ነጭ አሮጌ መኪና ይዤ መጣሁ፤ ከተማሪዎቼ ሁሉ በዕድሜ የምትበልጥ፣ ካርቡራቶር ያላት፣ አየር አስገድዶ የሚያስገባ ቱርቦ የሚባል ነገር የሌላት፣ በራሷ ትንፋሽ ብቻ የምትሄድ። አዳማ ላይ ደህና ነበረች። ደብረ ታቦር ስትደርስ ግን ትንፋሽ አጠራት። ባለቤቴ ጉና ተራራ ላይ ባለችው በገሳይ ከተማ ጤና ጣቢያ ትሠራ ስለነበር በየሳምንቱ ዓርብ የጉናን ሽቅብ መውጣት ነበረብኝ። በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰትኩ ስወጣ ጤፍ የጫነ የጭነት መኪና ጡሩንባ እየነፋ ያልፈኛል። አንድ ቀን እንዲያውም ባጃጅ አለፈኝ፤ ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ በርታ እንደማለት እጁን አወዛወዘልኝ።

በማግሥቱ ባልደረቦቼን ጠይቄ ወደ ጋሼ ደምለው ጋራዥ ሄድኩ። ከከተማው ወደ ገሳይ በሚያስወጣው መንገድ ዳር፣ ባሕር ዛፍ ሥር ያለ የቆርቆሮ መጠለያ ነው። እሳቸው ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ሰማያዊ ቱታቸው ሁልጊዜ የታጠበ ሰው ነበሩ። ሥራ ሲጨርሱ እጃቸውን በአመድና በሳሙና ሦስቴ ሳይታጠቡ ሰው አይጨብጡም። ቸኩሎ እጁን የዘረጋላቸው ሰው እስኪታጠቡ ድረስ ቆሞ ይጠብቃል እንጂ አይጨበጥም።

የዚያን ቀን ኮፈኑን አስከፍተው ምንም አልነኩም። ሞተሩን አስነሣ አሉኝና፣ አንድ ረጅም የወይራ በትር አምጥተው አንዱን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ ሌላውን ጆሯቸው ሥር አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ልጅ ሳሉ ዜማ ቤት ገብተው ነበር፤ ሳይጨርሱ ወጥተው ከጭነት መኪና ጋር አገር ለአገር ዞሩ። «ዜማውን ተውኩት እንጂ ጆሮውን አልተውኩትም» ይሉ ነበር። ሞተርንም በሦስቱ የቤተ ክርስቲያን ዜማዎች ስም ነው የሚጠሩት። ቆሞ በዝግታ ሲሠራ ግዕዝ፣ ዳገት ሲይዝ ዕዝል፣ ሲያለቅስባቸው ደግሞ አራራይ። አራራይ ከሰሙ መፍቻ ያነሣሉ።

የኔ ሞተር አላለቀሰችም። በትሩን አስቀምጠው ወደኔ ዞሩ።

«መኪናህ አልታመመችም፣ መምህር። እዚህ አየሩ ስስ ነው። አገርህ ሙሉ ጉርሻ ትጎርስ ነበር፤ እዚህ የምታገኘው ከዚያ ያነሰ ነው። በጎደለ ጉርሻ ዳገት ውጪ ስትላት ምን ታድርግ?»

ይህን እኔም ከመጽሐፍ አውቀው ነበር። መፍትሔውንም የማውቅ መሰለኝ። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበውን አየር ማብዛት ካልቻለ፣ የሳበውን ጠበቅ አድርጎ እንዲጨምቅ ማድረግ ነው። ለዚህ ራሳቸው ጉብ ያለ ፒስተኖች አሉ። ፒስተኑ ሽቅብ ሲወጣ ከበላዩ የሚተርፈው ቦታ ይጠብባል፤ በዚያ ጠባብ ቦታ የታመቀው ቤንዚንና አየር እሳት ሲያገኝ በበለጠ ጉልበት ይገፋል። የኔ መኪና የሳበችውን ዘጠኝ እጥፍ ታምቅ ነበር፤ አዲሶቹ ፒስተኖች ወደ አሥራ አንድ ያደርሷታል። አዲስ አበባ መለዋወጫ የሚሸጥ የአጎቴ ልጅ አራቱን ፈልጎ ላከልኝ።

ጋሼ ደምለው ሲያዩአቸው ፊታቸው አልተፈታም። አንዱን ፒስተን መስኮቱ ላይ አስቀመጡት። ሁለት ሳምንት ሙሉ በሄድኩ ቁጥር እዚያው አገኘዋለሁ። ሻይ ሲጠጡ ያዩታል፤ ያገላብጡታል፤ መልሰው ያስቀምጡታል። እኔ ደግሞ አልተውኳቸውም። ወረቀት አውጥቼ ስሌት እየሠራሁ አሳያቸዋለሁ። እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው ስሌቱን በትዕግሥት ያዩልኝና፣ ወረቀቱን አጣጥፈው ኪሳቸው ይከታሉ። በመጨረሻ አንድ ቀን አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«ለደጋ ይሆናል» አሉ። «ለቆላ ግን አይሆንም። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ አጥብቀህ ብታምቀውም ይችለዋል። ወረታ፣ ይፋግ ስትወርድ አየሩ ወፍራም ነው፤ ሙቀት አለ፤ ቤንዚኑም በጀሪካን የሚሸጥ ቅይጥ ነው። ያኔ የካንዴላውን እሳት ሳይጠብቅ በራሱ ይፈነዳል። ፒስተኑን ይበሳዋል። የደጋ በሬ ቆላ ወርዶ ሲያርስ አይተህ ታውቃለህ?»

አላየሁም አልኳቸው። እሳቸው አይተዋል። አባታቸው አንድ ዓመት ለቆላ ዘመድ ጠንካራ በሬያቸውን አውሰው፣ በወሩ የተመለሰላቸው ቆዳው ነው።

እኔ የምነዳው ወደ ገሳይ እንጂ ወደ ቆላ አለመሆኑን ነግሬ አሳመንኳቸው። ከተስማሙ በኋላ ግን ከኔ የበለጠ ነገሩ ያዛቸው። ዘጠኝ ቀን ፈጀባቸው። ሲሊንደሮቹ የሚከደኑበትን ቴስታታ ገልብጠው፣ ከመድኃኒት ቤት በገዙት ሲሪንጅ ዘይት ጠብታ በጠብታ እየሞሉ የቦታውን ስፋት ለኩ። አራቱም እኩል እስኪሆኑ ድረስ በጥሩ ብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጋሉ፤ እንደገና ይለካሉ። ጉብ ያለው ፒስተን አየር ከሚያስገቡትና ጭስ ከሚያስወጡት ቫልቮች ጋር እንዳይጋጭ ደግሞ ለቤተ ክርስቲያን ከተገዛ ጧፍ ሰሙን ወስደው፣ በእጃቸው አሙቀው ፒስተኑ ራስ ላይ ለጠፉት። ሞተሩን ገጥመው በእጅ ሁለት ዙር አዞሩት። መልሰው ሲከፍቱት ቫልቮቹ ሰሙ ላይ አሻራቸውን ጥለዋል። በምላጭ ቆርጠው ውፍረቱን ለኩና «ይበቃል» አሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አለሚቱ ያኔ በሕይወት ነበሩ። የስለት ጧፍ ለመኪና ዋለ ብለው ሲቆጡ፣ ጋሼ ደምለው ቀና ሳይሉ፣ እሱም ሰው እንዳይሞት ነው ብለው መለሱላቸው።

ሞተሩ በሚነሣበት ቀን እሳት ለካንዴላዎቹ የሚደርስበትን ጊዜ የሚወስነው ዲስትሪቢዩተር ላይ በመሮ ቀጭን ምልክት ቆረጡ። ጣቴን ይዘው አስነኩኝ። ከዚህ ምልክት አልፌ እሳቱን እንዳላስቀድም፣ ወደ ቆላ የምወርድ ከሆነም እንዲያውም ወደ ኋላ መልሼ፣ ቀስ ብዬ እንድነዳ አስጠነቀቁኝ። ከዚያ ጋራዡ ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ ዝም አሰኝተው ቁልፉን አዞሩት።

ያንን ድምፅ እስካሁን አስታውሰዋለሁ። አብረን ወደ ገሳይ ወጣን። ክምር ድንጋይን አልፈን ያ ሁልጊዜ የሚያቃስተኝ ዳገት ሲመጣ ማርሽ ሳልቀንስ ወጣሁት። ጋሼ ደምለው መስኮቱን ዝቅ አድርገው ጆሯቸውን ወደ ውጭ ሰጥተው ነበር። ጫፉ ላይ ስንደርስ አቁም አሉኝ። ወርደው የጉናን ነፋስ እየተቀበሉ ትንሽ ቆሙ። በሥራ ዘመናቸው ብዙ ሞተር ሲከፍቱ እንደኖሩ፣ ይህን ያህል ያማረላቸው ግን እንደሌለ ነገሩኝ። ራሳቸውን ሲያመሰግኑ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

አሁን ለመጻፍ ወደሚከብደኝ ቦታ ደረስኩ።

ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ግቢዬ ውስጥ ኮፈኑን ከፍቼ የዲስትሪቢዩተሩን ብሎን አላላሁ። እሳቱ ትንሽ ቢቀድም ጉልበት እንደሚጨምር አንብቤያለሁ። እሳቸው በጆሮ ነው የሚሠሩት፤ እኔ ግን ስሌቱን አውቃለሁ አልኩ። ምልክቱን በጥፍር ውፍረት ያህል አልፌ አሰርኩት። መኪናዋ በረረች። ምንም ድምፅ አልሰማሁም። የደጋው ስስ አየር ስህተቴን ሸፈነልኝ። ለማንም አልተናገርኩም፤ በተለይ ለእሳቸው። ሲያገኙኝ ሞተሯ እንዴት ናት ይሉኛል፤ እንደ ሠሯት ናት እላቸዋለሁ።

በዓመቱ ባለቤቴ ወደ ደብረ ታቦር ተዛወረችና መኪናዋን ለመሸጥ ወሰንኩ። የገዛኝ ፈንታሁን የሚባል የይፋግ ሰው ነው። ሰው ከይፋግ ወረታ ለማመላለስ ፈልጓት ነበር። ጋሼ ደምለው ለማን እንደሸጥኩ ሲሰሙ ደነገጡ። «ሞተሩን ከሸጥክ ምክሬንም አብረህ ሽጥ» አሉኝ። እሺ አልኩ። ለፈንታሁን የነገርኩት ግን በሙቀት ብዙ እንዳያስሮጣት ብቻ ነው። ሁሉን ብነግረው ሐሳቡን ይለውጣል ብዬ ፈራሁ። እሳቱንም ወደ ምልክቱ ሳልመልሰው ቁልፉን ሰጠሁት። ነገ እመልሰዋለሁ ስል ቆይቼ ነበር፤ ፈንታሁን ከነገ ቀድሞ መጣ።

ሚያዝያ ላይ ነው የሆነው። ፈንታሁን እናቱን፣ ሚስቱንና ሁለት እህቶቹን ጭኖ ወደ ዘመድ ሠርግ ይሄድ ነበር። ይፋግን እንደወጣ ጠጠር በቆርቆሮ ውስጥ የሚንኳኳ የመሰለ ድምፅ ሰማ። ቀላል ነገር መስሎት ቀጠለ። ከዚያ ጭስ ሆነ፣ ከዚያ ጸጥታ። አንደኛው ፒስተን ተበስቶ ነበር። የተሳፈሩት ሰዎች ላይ የደረሰ ነገር የለም፤ ሆኖም ሠርጉ አለፋቸው፤ አሮጊቷ እናቱ አስፋልት ዳር ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ዋሉ። አንድ የመንገድ ዳር መካኒክ ሊያስነሣት ብሎ ዲስትሪቢዩተሩን ፈትቶ እንደገና ገጠመው። የኔ ጥፋት ማስረጃ በዚያ ጠፋ።

በሁለተኛው ቀን ፈንታሁን መኪናዋን በጭነት መኪና አስጎትቶ ጋሼ ደምለው ጋራዥ አመጣት። እኔም ተጠርቼ ሄጄ ነበር። ሌሎች መካኒኮች፣ ደንበኞች፣ መንገደኞችም ተሰብስበዋል። ፈንታሁን ሰላምታ እንኳ አልሰጠም።

«ሥራህ ይኸ ነው?» አላቸው። «ሰው ልትገድል ነው ወይ?»

በእኛ ፊት፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ አንተ አላቸው። አንድ ሰው ተው እንጂ አለ። ጋሼ ደምለው ግን አልተቆጡም። ቴስታታውን አወጡ፤ የተበሳውን ፒስተን አይተው ጣታቸውን ቀዳዳው ውስጥ አስገቡ። ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ።

«መምህር፣ እሳቱን ነክተኸው ነበር?»

አይ፣ አልነካሁትም አልኳቸው።

ያሰብኩት አይደለም፤ አፌ ነው የቀደመኝ። እሳቸው እሺ እንደማለት ራሳቸውን ነቀነቁ። መምህር ከዋሸ ማን እውነት ይናገራል የሚሉ ዓይነት ሰው ነበሩ፤ አመኑኝ። «እንግዲያው እጄ ነው» አሉና ወደ ፈንታሁን ዞረው ይቅርታ ጠየቁት። መኪናዋን በፊት በነበሩት በዝቅተኞቹ ፒስተኖች መልሰው ሠርተው ሰጡት። እኔ በዚያ ሳምንት ሁለት ጊዜ ልነግራቸው ወጥቼ፣ ሁለቴም ከጋራዡ በር ተመለስኩ። አንደኛውን ጊዜ ሰው ነበረባቸው። ሁለተኛውን ጊዜ ማንም አልነበረባቸውም።

ከዚያ በኋላ ጋሼ ደምለው ሞተር መክፈት ተዉ። ፍሬን ይሠራሉ፤ ራዲያተር ይጠግናሉ። ለሞተር የመጣውን ሰው ወደ ሌላ ጋራዥ ይልኩታል። ሰው ከፈንታሁን ነገር በኋላ ተሰደቡና ቂም ያዙ ይል ነበር። እኔ ግን ቂም እንዳልሆነ አውቅ ነበር። እጃቸውን ማመን አቁመው ነው።

በዓመቱ ወደ አዳማ ተዛወርኩ። በየበዓሉ እደውልላቸው ነበር። የልጆቼን ደኅንነት ጠይቀው ሲያበቁ ሁልጊዜ ወደዚያች ሞተር ይመለሳሉ። አንድ ጊዜ የሲሪንጁ መስመሮች ትክክል ላይሆኑ ይችላሉ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ሌላ ጊዜ ሰሙ በሙቀት ሟምቶ ልኩን አሳስቶኝ ይሆን አሉ። ፊዚክስ ስለማስተምር መልሱን ከኔ ይጠብቁ ነበር። እኔም መለስኩላቸው። ምናልባት ቤንዚኑ መጥፎ ይሆናል አልኳቸው፤ ምናልባት ፒስተኑ ከመጀመሪያው ስንጥቅ ነበረው አልኳቸው። በስልክ የምሰጣቸውን መልስ ወረቀት ላይ እየጻፉ ያዳምጡ እንደነበር ከወረቀቱ ኮሽታ አውቃለሁ። በሚቀጥለው በዓል በአካል ሄጄ እነግራቸዋለሁ እል ነበር። ከዚያ መንገዱ ይዘጋል። መንገዱ ሲዘጋ፣ እውነቱን ልናገር፣ ትንሽ ቅልል ይለኝ ነበር።

በአርባቸው ዋዜማ ደብረ ታቦር ገባሁ። በማግሥቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ግቢያቸው ውስጥ በተተከለው ድንኳን ተቀመጥን። ሰብለ በዞኑ መሥሪያ ቤት ትሠራለች፤ የአባቷን ቁመትና ዝምታ ወርሳለች። ለእንግዳው ሁሉ ምግብ እያቀረበች ትዞራለች። ማዶ ላይ ፈንታሁን ተቀምጧል። ኋላ ላይ ከጋሼ ደምለው ጋር ታርቆ በየዓመት በዓሉ ይጠይቃቸው እንደነበር ሰማሁ። ሰው ስለ ሟቹ ደግነት ሲያወራ እሱም ጠላውን ይዞ ተናገረ። ደግ ሰው እንደነበሩ፣ ያች ሞተር ብቻ እንደሳተቻቸው፣ የሰው እጅ ደግሞ መሳቱ እንደማይቀር ተናግሮ፣ «እኔ ከልቤ ይቅር ብያቸዋለሁ፤ እግዜርም ይቅር ይበላቸው» አለ። ሰዉም አሜን አለ።

አሜን ማለት አቃተኝ። ተነሣሁና እጃቸው እንዳልሳተ ተናገርኩ። ምልክቱን ያለፍኩት፣ ማስጠንቀቂያቸውንም ለፈንታሁን ያልነገርኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ሲጠይቁኝም እንደዋሸኋቸው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው።

ፈንታሁን ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ብርጭቆውን እያየ «አንተ ብያቸዋለሁ እኮ» አለ፤ ለኔም አይደለም፣ ለማንም አይደለም። አንድ ሽማግሌ መካኒክ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ። እኔን የሰደበኝ ሰው የለም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰብለ ሳህን እንደያዘች ቆማ ሰምታኛለች። ቀስ ብላ ወደኔ መጣች። ከየት እንዳገኙት ባታውቅም፣ አባቷ የዚያን ቴስታታ አምሳያ አምጥተው በየቀኑ በዚያው በሲሪንጅ እንደገና እየለኩ ይውሉ እንደነበር ነገረችኝ። ሁልጊዜ ያው ልክ ይመጣባቸዋል። ትክክል መሆኑ ነበር የሚያስጨንቃቸው። በመጨረሻው ዓመት እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር፣ ይኸው አስቀድሞም እጄ ነበር ማለት ነው ብለው ተዉት።

«በስልክ ሲያገኟቸው ቢነግሯቸው ምን ነበረበት?» አለችኝ።

ሳህኑን አጠገቤ ላለው ሰው አቀብላ ወደ ሌሎቹ እንግዶች ሄደች።

ከቀትር በኋላ እንግዶቹ አንድ በአንድ መሄድ ጀመሩ። ሰብለ እያንዳንዱን እስከ ግቢው በር ሸኘች። ሽማግሌዎቹን ክንዳቸውን ይዛ፣ ፈንታሁንን እስከ መንገዱ፣ ጎረቤቶቹን እያመሰገነች። እኔ የመጨረሻው ነበርኩ። ተነሥቼ እግዜር ያጽናሽ አልኳት። አሜን አለችና ጎንበስ ብላ ብርጭቆዎቹን መሰብሰብ ጀመረች። ትንሽ ቆሜ ጠበቅኩ። ከዚያ ወደ በሩ ብቻዬን ሄጄ፣ ራሴ ከፍቼ ወጣሁ፣ ራሴ መልሼ ዘጋሁት።